ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈው 4070 የምታውቁት 4070 አይደለም

ለጌም፣ ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ወይም ለ3ዲ ሥራ ላፕቶፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች፣ ብር ከኪሳችሁ ከመውጣቱ በፊት እባካችሁ ይህን አንብቡ። በግራፊክስ ካርድ (ምስልና ቪዲዮ የሚያቀናብረው የኮምፒውተር ክፍል) ስም፣ ማለትም እንደ 4070 ባሉ የሞዴል ቁጥሮች ብዙ ሰው እየተሸወደ ነው። ስቲከሩ ፎርጅድ ሆኖ አይደለም። ስሙ ትክክለኛ ነው። ችግሩ በዚያው ስም ዴስክቶፕ ላይ የሚሸጠው ካርድና ላፕቶፕ ውስጥ የተሸጠው ካርድ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች መሆናቸው ነው። ሻጩ ደግሞ ይህን እያወቀ ዝም ይላል።

ከውዱ ልጀምር። የዴስክቶፑ አርቲኤክስ 4090 ካርድ 16,384 ኩዳ ኮር (ስሌቱን ተካፍለው የሚሠሩ ትናንሽ ክፍሎች) አለው። የካርዱ የራሱ ሚሞሪ 24 ጊጋባይት ነው፤ እስከ 450 ዋት ይወስዳል። የላፕቶፑ 4090 ግን 9,728 ኮርና 16 ጊጋባይት ሚሞሪ ነው ያለው። የተመደበለት ኃይልም ቢበዛ 150 ዋት ነው፤ ከፕሮሰሰሩ ተቀንሶ 25 ዋት ሊጨመርለት ይችላል። አሁን 9,728 የሚለውን ቁጥር ልብ በሉት። የዴስክቶፑ 4080 የኮር ብዛት ቁጭ ብሎ እሱ ነው። ቺፑም አንድ ነው። ስለዚህ ላፕቶፕ ላይ 4090 ብለው የሚሸጡላችሁ የ4080ን ቺፕ ነው። ያውም ዴስክቶፕ ላይ 320 ዋት የሚያገኘውን ቺፕ ግማሽ ያህል ኃይል ሰጥተውት። 4090ን ተዉት፣ የዴስክቶፑን 4080 እንኳ አይደርስበትም።

አዲሱ ትውልድ ላይ ይስተካከላል ብሎ የጠበቀ ካለ፣ አልተስተካከለም። የዴስክቶፑ 5090 21,760 ኮር ሲኖረው የላፕቶፑ 10,496 ነው። ከግማሽ በታች ማለት ነው።

አብዛኛው ሰው የሚገዛው ግን 4070ን ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ። የዴስክቶፑ 5,888 ኮርና 12 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው። የላፕቶፑ 4,608 ኮርና 8 ጊጋባይት። በእኔ እምነት እዚህ ላይ ከኮሩ ይልቅ የሚጎዳው ሚሞሪው ነው። ኮር ሲያንስ ሥራው ይዘገያል እንጂ ይሠራል። ሚሞሪ ሲያንስ ግን ከባድ የ3ዲ ፋይል ጭራሽ ሬንደር አላደርግም (ወደ መጨረሻው ምስል አልቀይርም) ሊል ይችላል። ወይም ወደ ኮምፒውተሩ ዋና ሚሞሪ እየተመላለሰ ያንቀራፍፋችኋል። አንድ የማውቀው ልጅ የገጠመው ይኸው ነው። ቢሮ ያለው ዴስክቶፕ 4070 ያለ ችግር የሚሠራውን ፋይል ቤት ሆኖ ለመቀጠል 4070 የተጻፈበት ላፕቶፕ ገዛ። ፋይሉ ሚሞሪ አልበቃ ብሎት ቆመ። ሻጩን ሲጠይቀው «4070 አልክ፣ 4070 ሰጠሁህ» አለው። ልጁ ምን ይመልስ?

እዚህ ላይ የሚያናድደኝ አንድ የሽያጭ ዘዴ አለ። ሻጩ ስልኩን አውጥቶ የካርዱን የፍጥነት ሙከራ ቪዲዮ ያሳያችኋል። ጌሙ ሲበር ታያላችሁ። ቪዲዮው የተቀረጸው ግን በዴስክቶፕ ካርድ ነው። እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ሲያሳዩአችሁ የተሞከረበትን ማሽን ስም ጠይቁ። የላፕቶፕ ሞዴል ካልተጠቀሰ እናንተን አይመለከትም።

አሁን ወደ ዋነኛው ወጥመድ እንምጣ፦ ዋት። ሁለት ላፕቶፖች አንድ ዓይነት ስቲከር ኖሯቸው እርስ በርስ እንኳ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። የካርዶቹ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ኤንቪዲያ ለላፕቶፑ 4070 የፈቀደው ኃይል ከ35 እስከ 115 ዋት ነው። በዚህ መሃል የቱን እንደሚሰጠው የሚወስነው ላፕቶፑን የሠራው ፋብሪካ ነው። ስስና ቀላል ላፕቶፕ ሙቀቱን ማስወጣት ስለሚከብደው ዝቅተኛውን ይሰጠዋል። ወፈር ያለው ደግሞ ሙሉውን። ስለዚህ 115 ዋት የተሰጠው 4060፣ 40 ዋት አካባቢ የታሰረውን 4070 ሊበልጠው ይችላል። እናንተ ግን ለ7 ቁጥሯ ተጨማሪ ከፍላችኋል። ማስታወቂያ ላይ «140 ዋት» የሚል ካያችሁም 115ቱ ላይ ከፕሮሰሰሩ የሚበደረው 25 ዋት ተደምሮ ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱ ሥራ ሲበዛበት ያ 25 አይገኝም።

ሰው ለምን ስሙን አመነ ብትሉ፣ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የጂቲኤክስ 10 ትውልድ (እንደ 1080 ያሉት ካርዶች) ሲመጣ የዴስክቶፕና የላፕቶፕ ልዩነት በጣም ጠቦ ነበር። የላፕቶፑ 1080 እንደ ዴስክቶፑ 2,560 ኮር ነበረው። በ2017 ደግሞ ኃይላቸው ለተቀነሰ ካርዶች ማክስ-ኪው የሚል ተቀጽላ መጣ። ቢያንስ ገዢው ስሙን አይቶ ይጠነቀቃል። በ2021 የ30 ትውልድ ላፕቶፖች ሲወጡ ተቀጽላው ከካርዱ ስም ላይ ጠፋ። ልዩነቱ ደግሞ ተመልሶ ሰፋ፤ 3080 ዴስክቶፕ ላይ 8,704 ኮር፣ ላፕቶፕ ላይ 6,144። ገዢውን የሚያስጠነቅቀው ምልክት የተነሳው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ይህን ትክክል ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም።

ላፕቶፕ አትግዙ እያልኩ አይደለም። ተንቀሳቅሶ ለሚሠራ ሰው አማራጭ የለውም። ሁሉም ካርድ ላይም ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም። 4060 ለምሳሌ በሁለቱም በኩል 3,072 ኮርና 8 ጊጋባይት ነው። በቂ ዋት ከተሰጠው የዴስክቶፑን ይጠጋል። ነገር ግን የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ በአብዛኛው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ካርዱ ካልተስማማችሁ አውጥታችሁ ሌላ ትሰካላችሁ፤ እዚህ የገዛችሁትን ይዛችሁ ትኖራላችሁ።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ይከፈትላችሁ። በባትሪ ብቻ ሲሆን ካርዱ ኃይሉን ስለሚቀንስ ትክክለኛ አቅሙን አታዩም። ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ከፍታችሁ ጂፒዩ (ግራፊክስ ካርዱ ማለት ነው) የሚለውን ስትነኩ የካርዱን ሙሉ ስምና የሚሞሪውን መጠን ታያላችሁ። ስሙ መጨረሻ ላይ «ላፕቶፕ ጂፒዩ» የሚል አለበት፤ ማስታወቂያ ላይ ቆርጠው የሚጥሉት ይህንን ነው። ዋቱን ለማወቅ ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ክፈቱ። «ማክሲመም ግራፊክስ ፓወር» ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር ነው። ሻጩ ይህን ለማሳየት ካንገራገረ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ከተስማማችሁ ደግሞ ደረሰኙ ላይ «4070» ብቻ እንዳይጻፍ። ሙሉ ስሙ፣ የሚሞሪው ጊጋባይትና ዋቱ ይጻፍ። ለመመለስ የተሰጣችሁ ቀን ሳያልፍም የራሳችሁን ከባድ ፋይል ወይም ጌም ጭናችሁ ረዘም ላለ ሰዓት ሞክሩት፤ ሙቀት ሲጨምር ፍጥነቱ የሚወርድ ከሆነ የምታውቁት ያኔ ነው።