የስክሪን ቀረጻ ጣጣዬን የፈታልኝን ይሄን ልጅ ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል

ፖስት ማድረግ ብዙም አይሆንልኝም ግን ዛሬ ዝም አልልም። ሂሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ሰሌዳና ጠመኔ ስጡኝ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውልላችኋለሁ፣ ስክሪንሽን እየቀረጽሽ ለተማሪ ላኪ ስባል ግን ያየሁትን አበሳ እኔና ላፕቶፔ ነን የምናውቀው።

መጀመሪያ ያወረድኩት ሶፍትዌር ነጻ ነው ተብሎ ቀርጬ ስጨርስ ቪዲዮው ላይ ስሙን በትልቁ ለጥፎበት አወጣው፣ ያውም ኢኩዌሽኑ ላይ! ከዛ ኦቢኤስ (OBS) የሚባለውን የስክሪን መቅረጫ ሶፍትዌር ሞክሪ አሉኝ። እሱስ እውነትም ነጻ ነው፣ ምንም አይለጥፍም፣ የሰዓት ገደብም የለውም፣ ግን እኔጋ ሲሆን ድምጼ አለ ስክሪኑ ጥቁር። 40 ደቂቃ ሙሉ ስለ ክፍልፋይ ለጨለማ ሳስረዳ ውያለሁ።

ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም። ፎርማት ነው የሚያስፈልገው አለ፣ ባክአፕ አለሽ ወይ ብሎ እንኳን ሳይጠይቀኝ አጠፋው። የስንት ዓመት ኖቴ፣ ፈተናዎቼ፣ ሁሉም ሄደ። ጥቁሩ ስክሪን ግን እንዳለ ነው! ሌላው ደግሞ ላፕቶፑን ሳይከፍት ገና በሩ ላይ እንደቆምኩ አዲስ ግዢ አለኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ይሄን ልጅ የጠቆመችኝ ባልደረባዬ ናት። በቪዲዮ ኮል ስክሪኔን እያየ ነው የረዳኝ። ሌሎቹ ማውሱን ነጥቀው ጠቅ ጠቅ አድርገው ነው የሚሄዱት፣ እሱ ግን «ቲቸር እርስዎ ይጫኑት፣ እኔ እያየሁ ነው» እያለ። ላፕቶፑ ሁለት ግራፊክስ ካርድ አለው፣ ኦቢኤሱ በአንዱ ስክሪኑ በሌላው ነው ምናምን አለኝ፣ አሁንም በደንብ አልገባኝም፣ ብቻ ዊንዶውሱ ሴቲንግ ውስጥ አንድ ነገር አስቀየረኝና ዘግቼ ስከፍተው ስላይዴ ቁልጭ ብሎ መጣ። በቃ ይሄው ነበር! ለዚህ ነው ፋይሌ ሁሉ የጠፋው!

ከዛ ሌላ ችግር አለ ወይ አለኝ። አንዴ እየቀረጽኩ ልጄ ገመዱን ረግጦ ነቀለው (ባትሪዬ ሞቷል) የቀረጽኩት ሁሉ አልከፈትም አለኝ ብዬ ነገርኩት። ኤምፒፎር (MP4) በሚባለው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት ሲቀረጽ መሃል ላይ ከተቋረጠ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፣ ኤምኬቪ (MKV) በሚባለው ዓይነት ይቅረጹና ሲጨርሱ እዛው ኦቢኤሱ ውስጥ ወደ ኤምፒፎር ይቀይሩት አለኝ። ባለፈው ሳምንት ልጄ ደገመው፣ እስከተነቀለበት ደቂቃ ድረስ ያለው በሙሉ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። እልል ነው ያልኩት!

ግን ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለዚህ አይደለም። ድምጹ ደህና መሆኑን ለማየት የ12 ደቂቃ ትምህርቴን ላክሁለት። እኔ መጀመሪያው ላይ ትንሽ ሰምቶ የሚተወው መስሎኝ፣ እሱ እስከ መጨረሻው አየው። ጥያቄ ጠይቄ ዝም የምልባቸው ቦታዎች አሉ፣ አንዱ ሰው ይሰለቻል ቁረጪው ብሎኝ ስለነበር እነሱን እንዴት ነው የምቆርጠው ስለው ምን አለኝ መሰላችሁ፣ «ቲቸር አይቁረጡት፣ እኔ ራሱ መልሱን ያገኘሁት እርስዎ ዝም ባሉበት ሰዓት ነው»። ከዛ ቀን በኋላ ካሜራ ፊት አፌ አይያዝም።

አዎ ኖቲፊኬሽን አጥፉ! እህቴ ስለ ባሏ የጻፈችልኝ ሜሴጅ ቪዲዮው ላይ ብቅ ብሎ ነበር፣ ተማሪዎቼ ሳያዩት እሱ ነው ያየልኝ፣ እየሳቀም ቢሆን። ሁሌም መጀመሪያ 30 ሰከንድ ቀርጸው ያዳምጡ ያለኝም እሱ ነው፣ ማይክ ሳይበራ ስንቴ ጮኬያለሁ።

አስተማሪዎች በሙሉ፣ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት እባካችሁ እሱን አናግሩት። እባካችሁ! ስልኩን እዚህ መለጠፍ ስለማልፈልግ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። አንተ ልጅ ይሄን ካነበብከው እግዜር ይስጥልኝ፣ የክፍልፋዩ ቀጣይ ክፍል ነገ ይወጣልሃል።