ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣው የ«ቤት ሱሺ» ጥቅል፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሸማቾች ማስጠንቀቂያ

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዙሪያቸው ለምትኖሩ ወገኖቼ በሙሉ፦ ሰሞኑን በቴሌግራምና በቲክቶክ «ሱሺ በቤትዎ» እየተባለ የሚተዋወቀውን፣ ሱሺ የሚባለውን የጃፓን ምግብ (ብዙውን ጊዜ ከጥሬ ዓሣ ጋር የሚቀርብ ሩዝ) ቤት ውስጥ መሥሪያ ጥቅል ገና ያልገዛችሁ እንዳትገዙ፣ የገዛችሁም በውስጡ ያለውን የሳልሞን ዓሣ በምንም ምክንያት በጥሬው እንዳትበሉ ለማሳሰብ ይህን ጽፌአለሁ። ተመሳሳዩን ዕቃ በተለያየ ስም የሚሸጡት ከአንድ በላይ ስለሆኑ የሻጭ ስም መጥራት አላስፈለገኝም፤ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸውን ምልክቶች የሚያውቅ ሰው ከማንም ቢገዛ ሊለያቸው ይችላል።

ጥቅሉ የሚሸጠው የአንድ ቤተሰብን የሳምንት አስቤዛ በሚያህል ዋጋ ነው። በውስጡ ግማሽ ኪሎ የተባለ የሳልሞን ቁራጭ፣ ሩዝ፣ ኖሪ የሚባለው የደረቀ የባሕር አረም፣ በትንሽ ጠርሙስ የተቀዳ አቼቶ፣ የአኩሪ አተር ሶስ፣ ዋሳቢ የሚባለው አረንጓዴ የሚያቃጥል ማጣፈጫ፣ ማዮኔዝ፣ ጽሑፉ በጃፓንኛ ብቻ የሆነ ሌላ ጠርሙስ እና ሩዙን ለመጠቅለል የሚያገለግል የቀርከሃ ምንጣፍ ይገኛሉ። ገንዘቡ አስቀድሞ በሞባይል ባንኪንግ ይላካል፣ ደረሰኝ አይሰጥም፣ ዕቃውም የሚረከበው መናኸሪያ አካባቢ ነው። በማስታወቂያው ላይ ዓሣው «ለጥሬ መብል ደረጃውን የጠበቀ» መሆኑ ጎላ ብሎ ተጽፏል። ደረጃውን የሰጠው ማን እንደሆነ በስልክ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ «አብሽሪ እህቴ፣ አዲስ አበባ ያሉ ትልልቅ ሆቴሎች የሚጠቀሙት እሱኑ ነው» የሚል ብቻ ነበር። እንዲህ ያለው «የሱሺ ደረጃ» የሚባል ስያሜ በአሜሪካ ገበያ እንኳ ሕጋዊ ትርጉም የለውም፤ ነጋዴው ራሱ በዕቃው ላይ የሚለጥፈው ነው። ስለዚህ ስያሜው ብቻውን ለማንም ዋስትና ሊሆን አይችልም፤ ዋስትና የሚሆነው ዓሣው ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተያዘና በምን ያህል ቅዝቃዜ እንደቆየ የሚያሳይ ጽሑፍ ነው።

በዕቃው ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ መኖሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ሳልሞን በጥሬው መበላት እንዴት እንደጀመረ ማወቅ ይጠቅማል። ሳልሞን በአገራችን ሐይቆችና ወንዞች የማይገኝ የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ነው። በጃፓን ራሷ ሳልሞንን በጥሬው ሱሺ ላይ ማድረግ የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ፣ ኖርዌይ በባሕር ላይ በመረብ አጥር ውስጥ የምታረባውን ሳልሞን ለጃፓን ገበያ ማስተዋወቅ ከጀመረች ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ጃፓናውያን የፓስፊክን ሳልሞን አብስለው ወይም በጨው አሽተው ይበሉት የነበረው ጥገኛ ትል እንደሚኖርበት ስለሚያውቁ ነበር። የእርባታው ዓሣ የተለየ የሆነው የሚመገበው የተዘጋጀ ደረቅ መኖ በመሆኑና ትሉን የሚያስተላልፉትን ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት የመመገብ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ነው። እንግዲህ በእጃችን ያለው ቁራጭ ከእርባታ የመጣ ነው ወይስ ከባሕር የተጠመደ የሚለው ጥያቄ በቀጥታ የጤና ጥያቄ ነው፤ እኔ በተረከብሁት ጥቅል ላይ ግን ይህን የሚመልስ አንድም ፊደል አልነበረም። የተመረተበት አገር፣ የታሸገበት ቀን፣ የአስመጪው ስም፣ የመጠቀሚያው ጊዜ የሚያበቃበት ቀን፣ አንዱም የለም። ዓሣው ከዋናው ማሸጊያው ወጥቶ በነጭ ፌስታል ተጠቅልሎ በፕላስተር ታሽጓል።

በቀለሙም አትታለሉ። የሳልሞን ሥጋ ሮዝ ወይም ብርቱካንማ የሚሆነው አስታክሳንቲን በሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በእርባታ ላይ ይህ ንጥረ ነገር በመኖው ውስጥ ይጨመራል፤ በዚህ መኖ የተቀለበ ትራውት የሚባል ዘመዱም ተመሳሳይ ቀለም ይኖረዋል። የቀለሙ ማማር ስለ ዓሣው ትኩስነት ቀርቶ ስለ ዓይነቱም በእርግጠኝነት አይናገርም።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ዓሣው ቀልጦ እንደገና በረዶ የተደረገ መሆኑ ነው። ፌስታሉ ውስጥ የቀለጠ ፈሳሽ በአንድ ጥግ ተጠራቅሞ ቀይ በረዶ ሆኗል፤ ቁራጩ በተኛበት በኩል ጠፍጥፎ የፌስታሉን እጥፋት ይዟል፤ በረዶው ሲለቀው ሥጋው በነጫጭ መስመሮቹ ላይ እየተሰነጠቀ ብዙ ውኃ ተፋ፤ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠውም ከተባለው ግማሽ ኪሎ በግልጽ ጎደለ። በዝግታ የሚቀዘቅዝ ሥጋ ውስጥ የሚፈጠሩት ትልልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ሕዋሳቱን ስለሚቀዱ፣ በተራ ፍሪጅ እንደገና የቀዘቀዘ ዓሣ ሲቀልጥ እንዲህ ይልፈሰፈሳል። የሸተተ ነገር ስላልነበረው ብዙ ሰው ደህና ነው ብሎ ሊቀበለው ይችላል፤ ሆኖም በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ሽታ ከመፈጠሩ በፊት ሊራቡ ይችላሉ፤ ሁለተኛው ማቀዝቀዝም ባለበት ያቆማቸዋል እንጂ አይገድላቸውም። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ውስጥም ይራባል።

መንገዱን ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስገርምም። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጣርማ በር ብርድ ወርዶ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴና በሐርቡ ሙቀት ውስጥ ሲያልፍ፣ በአውቶቡስ የሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ ከሁለት የበረዶ ፕላስቲኮች ጋር በካርቶን የተቀመጠ ዓሣ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ትኩስ ዓሣ እስከሚበላ ድረስ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ የቀዘቀዘው ደግሞ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ መቆየት ይገባዋል። በጭነቱ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ይኖር እንደሆነ ሻጩን ጠይቄው ጥያቄው ራሱ እንግዳ ሆኖበታል።

«ቤታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ለአንድ ሌሊት አቆዩት፣ ትል ቢኖርም ይሞታል» የሚለው የሻጩ ምክርም የተሳሳተ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጥሬው ለሚበላ ዓሣ የሚመክረው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በበለጠ ቅዝቃዜ ለ7 ቀናት ማቆየትን፣ ወይም ከዜሮ በታች በ35 ዲግሪ ጠጣር በረዶ ካደረጉ በኋላ በዚያው ቅዝቃዜ ለ15 ሰዓታት ማቆየትን ነው። የቤት ፍሪጅ ፍሪዘር ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች ከ18 ዲግሪ አያልፍም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ያንኑም ያህል ለመያዙ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በዚህ ላይ ቅዝቃዜው የሚገድለው ትሉን እንጂ በመንገድ ላይ የተራቡትን ባክቴሪያዎች አይደለም።

ብዙ ሰው የሚያነሣውንና ሻጮቹም የሚጠቀሙበትን አንድ ክርክር በጥሞና ላየው እፈልጋለሁ፤ እርሱም «እኛ ጥሬ ሥጋ ስንበላ የኖርን ሕዝብ ነን፣ ጥሬ ዓሣ ምን ያደርገናል?» የሚለው ነው። ደሴ ላይ በጥሬው የሚቆረጠው ሥጋ ታርዶ በዚያው ቀን የሚበላ፣ በሕጋዊ መንገድ ከሆነም ቄራ ውስጥ በባለሙያ ታይቶ ማህተም የተመታበት ነው። ያም ሆኖ ኮሶ ይይዛል፤ ለኮሶ ግን መድኃኒቱን ከአያቶቻችን ጀምሮ እናውቀዋለን፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጠውም ክኒን ያስወጣዋል። ከባሕር ዓሣ የሚመጣው አኒሳኪስ የሚባለው ትል ከዚህ የተለየ ነው። ገና ያልጎለመሰው ትል በጨጓራ ወይም በአንጀት ግድግዳ ላይ ስለሚተከል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠትና ማስመለስ ያመጣል፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ሰውነት የሚያሳብጥ አለርጂ ያስነሣል፤ ጨጓራ ውስጥ ሲሆን ዋናው ሕክምናም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ አይቶ በመቆንጠጫ ማውጣት ነው። ይህን ምርመራ በየወረዳው ማግኘት እንደማይቻል ሁላችንም እናውቃለን። ሕመሙ ተራ የጨጓራ ሕመም ስለሚመስልም ታማሚው ስለበላው ዓሣ ካልተናገረ ሐኪሙ ላያስበው ይችላል።

ሎሚ፣ አቼቶ፣ ሚጥሚጣ ወይም ዋሳቢ ትሉን ይገድለዋል የሚለውም እምነት መሠረት የለውም። አኒሳኪስ የጨጓራን አሲድ ተቋቁሞ የሚቆይ ፍጥረት ስለሆነ የሎሚ ጭማቂ አያሸንፈውም። ለነገሩ በጥቅሉ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ቅባት እንደ አብዛኛው በርካሽ እንደሚሸጠው ሁሉ እውነተኛ ዋሳቢ ሳይሆን ሆርስራዲሽ ከሚባል ሌላ የሚያቃጥል ሥር፣ ከሰናፍጭና ከቀለም የተሠራ ነው።

ስለ ሩዙ ብዙ አልልም። የሱሺ ሩዝ አጭርና ድፍን ፍሬ ያለው፣ ሲበስል እርስ በርሱ የሚያያዝ መሆን ሲገባው የተላከው ረጅም ፍሬ ያለው ተራ ሩዝ ነው፤ ሲጠቀለልም ይበተናል። በወረቀት ተጽፎ አብሮ የመጣው የማብሰያ መመሪያም ከባሕር ወለል ብዙም ላልራቀ አገር የተጻፈ ነው፤ ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሩዙም ተጨማሪ ውኃና ጊዜ ይፈልጋል። ከዚህ የሚብሰው የአቼቶው ጉዳይ ነው። አቼቶው ለጣዕም ብቻ የሚጨመር አይደለም፤ የበሰለ ሩዝ ውጭ ሲቀመጥ የሚራባውን፣ ባሲለስ ሴሬስ የሚባለውን መፍላት የማይገድለው ባክቴሪያ የሚገታው የሩዙ ፒ ኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ወደ 4.6 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። ጥንካሬው ባልተጻፈበትና ከየት እንደተቀዳ በማይታወቅ አቼቶ የተቀመመ ሩዝ ለሰዓታት ውጭ ሊቀመጥ አይገባውም።

አሁን ደግሞ በተለይ የወሎን ማዕድ የሚነካውን ልናገር። በእኛ ዘንድ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቤት፣ በአንድ ድግስ ይገናኛል፤ ሥጋ ሲሆን በእርድ ምክንያት ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ዓሣ ግን ሁለቱንም በአንድ ትሪ ያቀራርባል። ብዙዎቻችሁም ይህን ጥቅል ለእንግዳ የምትመርጡት ለዚህ ይመስለኛል፤ ሻጮቹም «ለሁሉም ይሆናል፣ ለጾምም ይሆናል» ብለው ያስተዋውቁታል። ይህ እውነት አይደለም። በጃፓንኛ ብቻ የተጻፈበት ጠርሙስ ሚሪን ሲሆን፣ እውነተኛው ሚሪን 14 በመቶ ገደማ አልኮል ያለበት የሩዝ ወይን ነው። ማዮኔዙ በእንቁላል የተሠራ ነው። ሰው አምኖ ለጎረቤቱ ያቀረበው ምግብ፣ ለሙስሊሙ የተከለከለውን፣ ለጿሚው ጾሙን የሚያስፈታውን ይዞ ሲገኝ፣ ጉዳቱ በገንዘብ የሚመለስ አይደለም። ሻጩ ይህን አለመናገሩ ከዓሣው መቅለጥ ባልተናነሰ አስቆጥቶኛል።

ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ስጠይቅ «ምግብ አይመለስም» ተብያለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ነጋዴው ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማችም በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ደረሰኝ ባይኖራችሁም የከፈላችሁበትን የባንክ መልእክት፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትንና የጥቅሉን ፎቶግራፍ አስቀምጡ፤ ማስታወቂያውንም ሳይጠፋ በስክሪን ሹት ያዙ፤ በእነዚህ ለከተማችሁ የንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ትችላላችሁ። እኔም አመልክቻለሁ።

ጥቅል ሩዙን ለልጆቻችሁ መሥራት የምትፈልጉ ከሆነ ጥሬ ዓሣ ፈጽሞ የግድ አይደለም። ጃፓናውያን ራሳቸው በኪያር ብቻ ይጠቀልሉታል፤ አቮካዶ፣ ካሮትና በደንብ የበሰለ ዓሣ ጥሩ ሆኖ ይወጣል። የሐይቅን ቆሮሶ ጠብሳችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ሳልሞን ስለተወደደ ቆሮሶውን ወይም አምባዛውን በጥሬው ለመተካት እንዳታስቡ፤ ዓሣ በሎች አእዋፍ የሚያስተላልፏቸው ትሎች በአገራችን ሐይቆች ዓሣዎች ውስጥ ይገኛሉ።

ጥቅሉን ገዝታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጣችሁ፣ የመቅለጥ ምልክት ያለበት ከሆነ ጣሉት። ምልክቱ ባይኖርበትም እንኳ ውስጡ 63 ዲግሪ እስኪደርስ፣ ማለትም ግልጽነቱ ጠፍቶ ሥጋው በሹካ በቀላሉ እስኪፈረፈር አብስሉት። ሊስቴሪያ ፅንስን ስለሚያስወርድ ነፍሰ ጡር እናቶች ከዚህ ዓሣ በጥሬው አንድም ቁራሽ እንዳይቀምሱ አደራ እላለሁ። በጥሬው የበላችሁና ከዚያ በኋላ የሆድ ቁርጠት፣ ማስመለስ ወይም ትኩሳት የተሰማችሁ ደግሞ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ጥሬ ዓሣ መብላታችሁንና የበላችሁበትን ቀን አስቀድማችሁ ንገሩት።