የአማቴን ሃርፕሲኮርድ ላተረፈችልን ባለሙያ

ዛሬ አንድ ሰው ላመስግን። ቤልጂየም ውስጥ አንትወርፕ ከተማና አካባቢው ያላችሁ፣ ቤታችሁ ሥዕል ያለበት አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ ካለ ይቺን አንብቡልኝ።

አማቴ ቤት ሃርፕሲኮርድ አለ። የፒያኖ ታላቅ በሉት፤ ክሩ ግን በመዶሻ አይመታም፣ እንደ ክራር ይነካል። ከክሮቹ ሥር ያለው ስስ ጣውላ ላይ ቱሊፕ፣ ቢራቢሮና ወፍ ተስሎበታል። ክዳኑ ውስጥም ሌላ ሥዕል አለ። አማቴ አርጅተዋል። ማን እንደሳለው ሳያውቁ መሞት አይፈልጉም።

ስንቱን አየን መሰላችሁ! አንዱ ክዳኑን በደንብ ሳያየው "የሳለው ሩበንስ ነው" አለ፤ የድሮውን ዝነኛ የአንትወርፕ ሰዓሊ ማለቱ ነው። ይሄንን ለሚያረጋግጥ ወረቀት የጠራው ገንዘብ መኪና ይገዛል። ሌላው ሳቀብን። ደግሞ አንዱ "ላጽዳላችሁ" ብሎ በእርጥብ ጨርቅ ሲያሸው የአንዷ ቱሊፕ ቀይ ጨርቁ ላይ ቀረ። አማቴ ምንም አላሉም፤ ተነስተው ወጥ ቤት ገቡ። የሰዎቹን ስም አልጽፍም። እግዜር ይይላቸው።

ከዚያ ይቺን ልጅ አገኘናት። መሣሪያውን ከመንካቷ በፊት አማቴ አጠገብ ቁጭ ብላ "ልጅ ሆነው የትኛዋን ወፍ ይወዱ ነበር?" አለቻቸው። በቃ፣ ልባቸውን ወሰደችው።

ቀጥላ ባትሪ ከጎን አብርታ አንዲት አበባ አሳየችን። ግማሿ ክሮቹ ከሚያርፉበት እንጨት ሥር ገብቷል። ሰዓሊው ግማሽ አበባ አልሳለም፤ እንጨቱ ነው በኋላ የመጣው! መሣሪያው ቆይቶ ሰፍቷል ማለት ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ የአንትወርፕን አሮጌ ሃርፕሲኮርዶች ማስፋት የተለመደ ሥራ ነበር አለችን። በተጨመረው ጣውላ ላይ ያሉት አበቦችም የሌላ እጅ ናቸው። አማቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

የሰዓሊ ስም ግን አልሰጠችንም። ሃንስ ሩከርስ በ1579 የአንትወርፕ ሰዓሊዎች ማኅበር ውስጥ የገባ ዝነኛ የሃርፕሲኮርድ ሠሪ ነው፤ የእሱ ቤተሰብ መሣሪያዎች ላይ እንኳ አበቦቹን የሳሉት አብዛኞቹ ስማቸውን አልተዉም። የሚለዩት በቅጠልና በቢራቢሮ አሳሳላቸው ነው። ሩበንስ ብላ ብትጽፍልን ዋጋው ሰማይ ይነካ ነበር። አልጻፈችም። እኔ ይሄን ነው የወደድኩላት።

አባቴም አገር ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይቼ "ማን ሳለው?" ስለው "እሱ ያውቃል" ብሎ ይሳለም ነበር።

ስለ ሙጫውና ስለ ቀለሙ ብዙ ነግራናለች፤ እኔ ምኑም አልገባኝም። ዋጋዋ ሕሊና አለው። ሥራዋ ንጹሕ ነው። እባካችሁ ወደ እሷ ሂዱ! ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እስከዚያው ግን ውሃ እንዳታስነኩት፣ አደራ።