ፀሐዩ ወይስ የክርስቶስ ስም? ሁለት የሮም ነሐስ ሳንቲሞች

አንደኛው የቆስጠንጢኖስ ነው። ጀርባው ላይ የፀሐይ አምላክ ቆሟል። ራሱ ላይ የጨረር አክሊል ደፍቷል፤ ቀኝ እጁን አንስቷል፤ በግራው ሉል ይዟል። ዙሪያውን «ለማይሸነፈው ፀሐይ፣ ለባልንጀራው» ይላል። የሚገርመው፣ ቆስጠንጢኖስ ወደ ክርስትና አዘነበለበት ከሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ312 ሮም አጠገብ ከተገኘው የሚልቪያን ድልድይ ድል በኋላም ለዓመታት መቀረጹ ነው!

ሁለተኛው የማግነንቲየስ ነው፤ ከ350 እስከ 353 የገዛው። የዚህኛው ጀርባ ላይ የአምላክም የሰውም ምስል የለም። የክርስቶስ ስም መነሻ የሆኑት ሁለቱ የግሪክ ፊደላት ተጠላልፈው ጀርባውን ሞልተውታል፤ ግራና ቀኙ አልፋና ኦሜጋ ነው።

ለጀማሪ ሰብሳቢ የፀሐዩ ይሻላል፤ በብዛት ይገኛል። እኔ ግን ልቤ ሁለተኛው ላይ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን የእኛው ኢዛናም ሳንቲሙ ላይ ጨረቃውን በመስቀል ተክቷል።