«ባድ ትዊን» ወይስ «ሂት ዌቭ»?

ሁለቱንም ልቦለዶች «የጻፏቸው» የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ የኤቢሲ ድራማ ገጸ ባህሪያት ናቸው። በእውን የሌሉ ደራሲዎች!

«ባድ ትዊን» (2006)፦ በ«ሎስት» ድራማ ደሴት ላይ በወደቀው አውሮፕላን ተሳፋሪ፣ በጋሪ ትሩፕ ስም የወጣ። የደሴቲቱን ቋጠሮ ይፈታልኛል ብዬ ጀመርኩት፤ ያገኘሁት ግን የጠፋ መንታ የሚፈልግ ተራ መርማሪ ነው። ከድራማው የማውቀው ዊድሞር የሚለው ስም ብቅ ሲል ልቤ ዘለለ፣ ከዚያ ወዲያ ወፍ የለም። እውነቱን ለመናገር ከታሪኩ የደራሲው ስም ይበልጣል፦ የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን ብታገለባብጧቸው «ፐርጋቶሪ» ይሆናል፣ መንጽሔ ማለት ነው።

«ሂት ዌቭ» (2009)፦ «ካስል» በተባለው ድራማ ውስጥ ያለው ደራሲ የሪቻርድ ካስል። የደራሲው ፎቶ የተዋናዩ የናታን ፊሊየን ነው። የመጽሐፉ መርማሪ ኒኪ ሂት የድራማዋ መርማሪ ቤኬት ናት፣ ጋዜጠኛው ሩክ ደግሞ ራሱ ካስል። ቶሎ ይነበባል፣ ቶሎም ይረሳል።

«ካስል» ለናፈቃችሁ ሁለተኛው። «ሎስት»ን ጭራሽ ላላያችሁ የመጀመሪያው፤ ምንም ስለማትጠብቁ አትናደዱም።