የሮውሊንግስ የሜጀር ሊግ ኳስ፦ ስፌቱ ድንቅ፣ ቆዳው ግን ያዳልጣል

በቤዝቦል ኳሱን ወደ መቺው የሚወረውረው ተጫዋች ፒቸር ይባላል። እንጀራው የተንጠለጠለው በሌባ ጣቱ፣ በመሃል ጣቱና በአውራ ጣቱ ጫፍ ላይ ነው። ኳሱ ሲለቀቅ ትንሽ ካዳለጠ ያ ውርወራ ይበላሻል፤ ነገሩ ሲደጋገም ግን ጣጣው ለክርኑ ይተርፋል። የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር፣ ሜጀር ሊግ፣ ከ1977 ጀምሮ የሚጫወተው ሮውሊንግስ የተባለው ኩባንያ በሚሠራው ኳስ ስለሆነ፣ አንድ ፒቸር ከመጀመሪያ ጨዋታው እስከ ጡረታው የሚጨብጠው ይህንኑ ዕቃ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአሠራሩ እንጀምር፤ ምስጋናውም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኳሱ ለሁለት ቢሰነጠቅ መሃሉ ላይ ሁለት ድርብ ላስቲክ የለበሰ የቡሽ ፍሬ ይገኛል። በፍሬው ላይ መጀመሪያ 111 ሜትር ግራጫ የሱፍ ክር ይጠመጠማል፣ ቀጥሎ 41 ሜትር ነጭ ሱፍ፣ ከዚያ 48 ሜትር ግራጫ ሱፍ፣ በመጨረሻ 137 ሜትር ያህል ቀጭን ነጭ ክር። ኳሱ ተመትቶ ቅርጹን የሚይዘው ይህ ሁሉ ክር ጥብቅ ብሎ ስለተጠመጠመ ነው። ከላይ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያላቸው ሁለት የላም ቆዳዎች ይገጥማሉ፤ ኮስታሪካ ውስጥ ቱሪአልባ በምትባል ከተማ ያሉ ሠራተኞች በ2.2 ሜትር ቀይ ክር፣ በ108 ድርብ ስፌት፣ በእጃቸው ይሰፏቸዋል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስፌት ከቆዳው ሥር ስለሚደበቁ ክሩ የት እንደጀመረ በዓይን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ለዚህ ጥራት ባርኔጣ ማንሳት ይገባል።

የእጅ ሥራ ግን የራሱ ችግር አለው። ደንቡ ክብደቱ ከ142 እስከ 149 ግራም፣ ዙሪያው ከ22.9 እስከ 23.5 ሴንቲሜትር እንዲሆን ይፈቅዳል። በቀን መቶ ጊዜ ለሚወረውር ሰው የ7 ግራም ልዩነት በጣት ይታወቃል። ከክብደቱ ይልቅ የሚያስጨንቀው የስፌቱ ከፍታ ነው። ፎር ሲም የሚባለው ፈጣን ውርወራ የሚያዘው ሁለቱን ጣቶች የፈረስ ጫማ በሚመስለው የስፌት ቅስት ላይ አግድም አሳርፎ፣ አውራ ጣትን ከሥር አድርጎ፣ በኳሱና በመዳፉ መካከል ክፍተት ትቶ ነው። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ በደቂቃ ከ2,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከረው ጣቶቹ በመጨረሻዋ ቅጽበት ስፌቱን ወደ ታች ስለሚስቡት ነው። ስፌቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ጣት የሚስበው ነገር ያጣል። ከዚያም በላይ አየሩ ኳሱን የሚይዝበት ኃይል ስለሚቀንስ የተመታው ኳስ ርቆ ይሄዳል።

በ2019 የታየው ይኸው ነበር። በዚያ ዓመት በሊጉ 6,776 ሆምረን (አብዛኛውን ጊዜ ከሜዳው አጥር በላይ የሚወጣ ምት) ተመትቶ ክብረ ወሰን ሆነ፤ የሊጉ የጥናት ቡድንም ከምክንያቶቹ አንዱ የስፌቱ ዝቅ ማለት እንደሆነ አስታወቀ። ጀስቲን ቨርላንደር በዚያው ዓመት 300 መቺዎችን በስትራይክ አውት (ኳሱን መትተው ሳይሳካላቸው) አሰናብቶ ለምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ቢወስድም 36 ሆምረን ተመትቶበታል። እንዲህ ያለ ፒቸር ተቋቁሞ ያልፈዋል፤ ቦታውን ገና ያላደላደለው ጀማሪ ግን በእንዲህ ያለ ዓመት ወደ ታችኛው ሊግ ሊወርድ ይችላል። አምራቹ ስፌቱን ወጥ አድርጎ መጠበቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ትልቁ ጉድለት ግን ማዳለጡ ነው። ከሳጥን የወጣ አዲስ ኳስ በሰም እንደተወለወለ ሳህን ነው፣ ጣት አይቆምበትም። ስለዚህ ከጨዋታ በፊት እያንዳንዱ ኳስ ሊና ብላክበርን በሚባለው ጭቃ ይታሻል፤ ጭቃውን በ1938 ያስተዋወቀው በዚሁ ስም የሚታወቀው አሠልጣኝ ነው። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መዳፍ በውሃ ትንሽ ይረጥባል፣ በጣት ጫፍ ጥቂት ጭቃ ይነሳል፣ ሁለቱ መዳፎች ላይ ይዳረሳል፣ ከዚያ ኳሱ እየተገላበጠ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ ይታሻል። በ2022 ሊጉ ባወጣው መመሪያ መሠረት የአንድ ጨዋታ ኳሶች በሙሉ በዚያው ቀን፣ በሦስት ሰዓት ልዩነት ውስጥ መታሸት አለባቸው። ጭቃው ከበዛ በስፌቱ ጎን ተጠራቅሞ ይደርቅና በውርወራ ጊዜ እየተፈረፈረ ያዳልጣል፤ ኳሱም ስለሚጠቁር መቺው በደንብ አያየውም፣ ይህም አደገኛ ነው። ካነሰ ደግሞ ፒቸሩ ሳያውቀው ኳሱን ጨምቆ ይይዛል፣ የክንዱ ጡንቻ ቶሎ ይዝላል።

ጨምቆ መያዝ የሚያመጣውን ጉዳት አቅልሎ ማየት አይገባም። በሰኔ 2021 ሊጉ በጣት ላይ የሚቀቡ ተለጣፊ ነገሮችን በጥብቅ መቆጣጠር ሲጀምር፣ የታምፓ ቤይ ቡድን ፒቸር ታይለር ግላስኖ ክርኑ የተጎዳው ኳሱን ወደ መዳፉ አስገብቶ አጥብቆ ለመያዝ በመገደዱ እንደሆነ በአደባባይ ተናግሯል፤ በኋላም የክርን ጅማት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ይህ ቀዶ ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ በ1974 ለፒቸሩ ለቶሚ ጆን ተደርጎ የሙያ ዕድሜውን አራዝሞለታል፤ ሆኖም ዛሬም አንድ ፒቸር ከእሱ በኋላ ከዓመት በላይ ከሜዳ ይርቃል። አሁን የተፈቀደው ሮዚን የሚባለው የሙጫ ዱቄት ብቻ ነው።

ዝነኛውን ፒቸር ኖላን ራያንን ያነሳ ሰው 5,714 ስትራይክ አውቱን ይጠቅሳል። ለዚህ ግምገማ ግን የሚጠቅመን በ27 የውድድር ዘመን ውስጥ ኳሱ በእጁ ላይ መለዋወጡ ነው። በ1966 ሲጀምር ኳሱ ከፈረስ ቆዳ የተሠራ የስፓልዲንግ ምርት ነበር፤ በ1974 ወደ ላም ቆዳ ተቀየረ፤ በ1977 ሮውሊንግስ ተረከበው። ጣቱ ውሃ እንዳይቋጥር በኮምጣጤ የተቀመጠ ኪያር ውሃ ውስጥ ይነክር ነበር። ኳሱ ምንም ቢሆን ስፌቱ ቆዳን ይልጣል፤ ጣትን መንከባከብ የዚህ ሥራ ግማሹ ነው።

ከጃፓኑ የሚዙኖ ኳስ ጋር ሲነጻጸር የሮውሊንግስ ድክመት ጎልቶ ይታያል። የጃፓኑ መጠኑ ትንሽ አነስ ይላል፣ ቆዳውም ጣት ላይ ያዝ ያደርጋል። ስለዚህ ከጃፓን ወደ አሜሪካ የሚሻገር ፒቸር መጀመሪያ የሚለማመደው ኳሱን ነው፤ በተለይ ኳሱ በጣቶች መካከል የሚያዝበትን ስፕሊተር እንደ አዲስ ማስተካከል ይኖርበታል። በ2023 የመጀመሪያ አጋማሽ ሳውዘርን ሊግ በተባለው የታችኛው ዲቪዚዮን ፋብሪካ ላይ ያዝ እንዲያደርግ የተቀባ ኳስ ተሞክሮ ነበር፤ ወዲያው ግን ወደ ድሮው ተመለሱ። በእኔ እምነት ሙከራው መቀጠል ነበረበት።

ለልምምድ መግዛት ለሚያስብ ፒቸር፦ ዋጋው ለአንድ ኳስ ከ20 ዶላር በላይ ስለሆነ ደርዘን ገዝቶ ሁሉንም መረብ ላይ መጨረስ ብክነት ነው። ሦስት አራቱን ስላይደርና ከርቭ ለሚባሉት የሚታጠፉ ውርወራዎች ልምምድ ለይቶ፣ ለማሟሟቂያ ርካሹን መጠቀም ይሻላል። ሰው ሠራሽ ልባስ ያለውን ግን ለከርቭ ልምምድ አልመክርም፤ ስፌቱ ስለሚለይ ጣት የተሳሳተ ነገር ይለምዳል። የሮውሊንግሱ ኳስ ዝናብ ካገኘው ሱፉ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ደግሞ ቆዳው ይጠነክራል፣ ስፌቱም ይላላል። በሞቃት መኪና ውስጥም አይቀመጥ። ሊጉ ራሱ በ2022 በ30ዎቹም ስታዲየሞች እርጥበት የሚጠብቅ ማከማቻ ያስገባው ደረቅ ኳስ አብዝቶ ስለሚነጥርና ስለሚያዳልጥ ነው። ቤት ውስጥ ክዳን ያለው ዕቃ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ይበቃል። የታሸ ኳስ ለቀጣዩ ቀን ሲያድር በደረቅ ጨርቅ ይወልወልና እንደገና ይታሽ።