የአራት ወር ልጅ የሚያስረክቡት ማቆያ፦ ገርጂ ያገኘሁት

የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ሲል እንቅልፍ ያሳጣኝ ነገር ሥራው ሳይሆን ልጄን የት ነው የማደርገው የሚለው ነበር። እናቴ ደሴ ናት። አማቴም ሕፃን ይዘው ለመዋል አቅም የላቸውም። በደላላ ለመጣች ሞግዚት፣ የት እንደነበረች ሳላውቅ፣ ልጄን ሰጥቼ ቤት ዘግቼ መውጣት ደግሞ አልሆነልኝም። የቀረው የሕፃናት ማቆያ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ሕጉ ራሱ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ አለን። ቆጥራችሁ ስታዩት ልጁ አራት ወር ሊሞላው ሲል ወይ ሞልቶት ቢሮ ትገባላችሁ። ጤና ጣቢያ ግን እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ውሃ እንኳ አትስጡ ነው የሚሉን። በመሃል ያለውን ጊዜ ልጁ የሚኖረው ከእናቱ ጡት በታለበ ወተት ነው፣ ወተቱን የሚሰጠው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ከሲኤምሲ እስከ ገርጂ የገባሁበት ማቆያ ሁሉ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ወተቱ ነው።

አንዱ አዲስ ሕንፃ ላይ ያለ በጣም ያማረ ቦታ ነው። ግድግዳው በሥዕል አሸብርቋል፣ ወለሉ ለስላሳ ምንጣፍ፣ መጫወቻው ለጉድ ነው። «ፍሪጅ አለን፣ ምንም አታስቢ» አሉኝ። ማየት እችላለሁ ወይ ብዬ አስከፈትኩት። የሠራተኞቹ ምሳ፣ ግማሹ የተጠጣ ለስላሳ፣ ከጎኑ ስም ያልተጻፈበት ጡጦ። የማን እንደሆነ ስጠይቅ ሁለቱ ሞግዚቶች ተያዩ። ቀጥሎ አንደኛዋ፣ ደግ ሴት ናት መሰለኝ፣ «ሲያለቅስብን ለብ ያለ ውሃ ጠብ እናደርግለታለን፣ ጸጥ ይላል» አለችኝ። ክፋት የለባትም፣ እኛንም እንደዚያ ነው ያሳደጉን። ለአራት ወር ልጅ ግን ውሃ ሆዱን ይሞላና ጡት ያስተወዋል፣ ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ ነው። አመስግኜ ወጣሁ። ሌላው ቦታ ላይ መቀመጥ የጀመሩት ሕፃናት ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረው ስላየኋቸው ብዙም አልቆየሁም።

ገርጂ ያገኘሁት ከውጭ ሲያዩት የሚያጓጓ አይደለም። ድሮ መኖሪያ የነበረ ቪላ ነው፣ ቀለሙም አርጅቷል። ሳልደውል ነው የሄድኩት። ዘበኛው ጠይቆ አስገባኝ፣ በር ላይ ጫማ አስወለቁኝ፣ እጄን አስታጠቡኝ። ገና የማይሄዱት ሕፃናት ክፍል ከሚሮጡት ተለይቷል። አንዲት ሞግዚት የምትይዘው ሦስት ሕፃን ብቻ ነው። አልጋ ላይ ሁሉም በጀርባቸው ተኝተዋል፣ ትራስ የለ፣ የተቆለለ ብርድ ልብስ የለ። አያቶች ልጁ በጋቢ ካልተጠቀለለ ይበርደዋል ብለው እንደሚሟገቷቸው ነግረውኛል፣ እነሱ ግን ንቅንቅ አይሉም።

ልቤን ያሳረፈው ፍሪጁ ነው። ትንሽ ናት፣ ከወተት በቀር ምንም አይገባባትም። እያንዳንዱ ጡጦ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ የልጁ ስም፣ ቀንና የታለበበት ሰዓት ተጽፏል። ወተቱን እሳት ላይ አይጥዱትም፣ ሙቅ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አቁመው ነው የሚያሞቁት። ልጁ ጠብቶ የተረፈውን ይደፋሉ። (ያለብኩት ወተት ሲደፋ ያንገበግበኛል፣ ግን ትክክለኛው እሱ ነው።) መብራት ሲጠፋስ ብዬ ኃላፊዋን ጠየቅኳቸው። «የኔ እናት፣ እሱን ያልጠየቀች እናት የለችም» አሉና በረዶ የሚያዝበትን ሣጥን አውጥተው አሳዩኝ። መብራቱ ሳይመለስ ከቆየ ይደውላሉ። ሮቶ ስላላቸው ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሳምንትም እጅ መታጠቡ አይቀርም።

ለመመዝገብ የክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱን ሳይጨርስ ልጅ አይቀበሉም፣ ይሄን በጣም ወድጄዋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ እናት አብራ ውላ ልጁን ቀስ በቀስ ታለማምዳለች። ያኔ ነው ትልቋን ሞግዚት በደንብ ያየኋት፤ ጠዋት ልጄን ከመቀበሏ በፊት እጆቿን አፋትጋ ታሞቃለች። ማንም አላዘዛትም። ማታ ስወስደው ደብተር ይሰጡኛል። «4፡10 ጠባ፣ 4፡40 ዳይፐር ተቀየረ፣ 5፡00 ተኛ» እያለ ይቀጥላል። ያልጠባበት ቀን ካለም አይደብቁም፣ ይጽፉታል።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ዋጋው ከደሞዜ ሲሶ ይጠጋል፣ ያውም የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ነው። ቅዳሜ ዝግ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለምሠራ ባለቤቴ ነው የሚይዘው። ማታ 11፡30 ላይ ይዘጋሉ። መገናኛን የሚያውቅ ሰው በክረምት ዝናብ 11፡30 ገርጂ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፣ ካለፈ ተጨማሪ ይከፈላል። ካሜራ የላቸውም። ካሜራ የግድ የምትሉ አትወዱትም፣ እኔ ግን ሳልደውል በፈለግሁት ሰዓት መግባቴ ይበልጥብኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች እናቶች ጡት የሚያጠቡበትና ልጅ የሚያቆዩበት ቦታ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነችው ጓደኛዬ በምሳ ሰዓት ወርዳ አጥብታ ትመለሳለች። እኔ የምሠራበት የግል ድርጅት ግን ወተት የማልብበት ክፍል እንኳ የለውም፣ የማልበው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው። ቀጣሪዎቻችን ይሄን ቢያስቡበት ከአንድ ክፍልና ከአንድ ወንበር በላይ አያወጡም።

የሕፃናቱ ክፍል አሁን ሞልቷል፣ ግን ስም ይይዛሉ። እርጉዝ የሆናችሁ ከወለድኩ በኋላ እሄዳለሁ አትበሉ፣ አሁኑኑ ሂዱ። የትኛውንም ማቆያ ስታዩ ጠዋት ሳይሆን ከ9 ሰዓት በኋላ ይሁን። ጠዋት ሁሉም ቤት የተጠረገ ነው። 9 ሰዓት ላይ ሕፃናቱ አንድ ላይ ነቅተው ሲያለቅሱ ሞግዚቶቹ ማንን ቀድመው እንደሚያነሡ፣ በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያናግሯቸው ታያላችሁ። ፍሪጁንም አስከፍቱ።